ዞሮ መጥቶ ያልገጠመ ሒሳብ

የሳይንስ ማዕድ

ባለፈው ዕትማችን ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ጽፈን ስንሰናበት፣ በሚቀጥለው ደግሞ የፊዚክስ ሰዎች «የጌጅ መስክ ቲዎሪ» የሚሉትን ይዘን እንቀርባለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ይኼን ያነበበ አንድ ወዳጃችን የውኃ ወረፋ ላይ አግኝቶን «ምነው መምህር፣ ስሙ ራሱ ያስፈራል! ደግሞስ ለእኛ ምን ይረባናል? የዱቄት ራሽን አይጨምር» ብሎ ቀለደብን። ራሽን እንደማይጨምር እውነት ነው። ግን «ምን ይረባናል» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን፤ እሱንም ባለፈው ወር ትምህርት ቤታችን ድረስ ከመጣ አንድ ጉዳይ እንጀምረዋለን።

አንዲት እናት ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ትልቋ ሴት ናት፤ በየካቲት 1997 ዓ.ም. የተወለደች። ትንሹ ወንድ ነው፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. የተወለደ። የእሷን የልደት ዘመን የመዘገበው ሰው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ 2005 ብሎ ጽፏል፤ ልክ ነው። የእሱን የመዘገበው ሌላ ሰው ግን እናቲቱ እንደነገሩት ሳይለውጥ 2001 ብሎ አሰፈረው። ቀኑንና ወሩንም፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ጃንዋሪ 1 አደረገው። በዚህ የተነሣ ልጁ በአንድ ቀን ስምንት ዓመት ከሦስት ወር አደገ። በወረቀት የታላቅ እህቱ ታላቅ ሆነ። ለትምህርት ዕድል ሲያመለክትም «ዕድሜህ አልፏል» ተባለ።

እናቲቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። እሳቸው «ልጄ የተወለደው 2001 ነው» ይላሉ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውም ሰው ወረቀቱን አይቶ «አዎ እናቴ፣ 2001 ነው የተጻፈው» ይላቸዋል። ሁለቱም ተስማምተው ይለያያሉ!

ስህተቱ ታዲያ የቱ ጋ ነው? የእናቲቱ አቆጣጠር ስህተት የለበትም። የፈረንጁም የለበትም። ስህተቱ ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሻግረው መንገድ ላይ ነው። የጌጅ ቲዎሪም ከሥር ከመሠረቱ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው፦ እያንዳንዱ ቦታ የራሱን መለኪያ ከመረጠ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የምንሻገረው በምንድነው? መለኪያው ቢቀያየርም የማይቀየረው እውነትስ የቱ ነው?

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የታሪክ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ይኼን ሳይናገሩ ቁጥር መጻፍ ምን እንደሚያመጣ አሁን አይታችኋል።)

ሲሜትሪ ምንድነው?

እዚህ ኬንያ የስዋሂሊ ተናጋሪው ጎረቤታችን «ሳ ምቢሊ» ሲል እኛም «ሁለት ሰዓት» እንላለን፤ ሁለታችንም የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም ግን «8» ይላል። በስድስት ሰዓት ይለያያል ማለት ነው። ይሁንና የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ በማንም አቆጣጠር 40 ደቂቃ ነው። ደወሉ ቀድሞ አይደወልም፤ ተማሪውም ከተማሪ ቀድሞ አይወጣም። መነሻው ተቀየረ፣ ነገሩ አልተቀየረም።

ሲሜትሪ ማለት ይኼ ነው። ብዙዎቻችን ሲሜትሪ ሲባል የቢራቢሮ ክንፍ ወይም የመሶብ ስፌት ትዝ ይለናል። መሶቡን ትንሽ ብናዞረው ጥለቱ ያው ነው። በፊዚክስም እንደዚያው ነው፦ አንድ ነገር አድርገህ የተፈጥሮ ሕግ ምንም ካልተለወጠ፣ እዚያ ቦታ ሲሜትሪ አለ ይባላል።

በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የምታርፈውን ወፍ አስቡ። ሽቦው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ወፏ ምንም አትሆንም። ለምን? ሁለቱም እግሮቿ አንድ ዓይነት ቮልት ላይ ስለሆኑ ነው። ጉዳት የሚያመጣው የቮልት ልዩነት ነው። ዓለሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሺህ ቮልት ከፍ ቢል ማንም አያውቀውም። «ዜሮ ይኼ ነው» የምንለው እኛ ነን፤ ተፈጥሮ አይደለችም።

ይኼ ነገር ጨዋታ እንዳልሆነ ያሳየችው ኤሚ ኖተር የምትባል ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ ናት። በ1918 ባሳተመችው ጽሑፍ ሲሜትሪ ባለበት ሁሉ የማይጠፋ ነገር እንዳለ አረጋገጠች። የተፈጥሮ ሕግ ዛሬም ነገም አንድ ከሆነ ኢነርጂ አይጠፋም። የኤሌክትሪክ መነሻ እንደተፈለገው ቢመረጥ ችግር ከሌለው ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አይጠፋም፣ ከባዶም አይፈጠርም። ኖተር ሴት በመሆኗ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት መደበኛ የማስተማር ፈቃድ ተከልክላ፣ ትምህርቷ የሚታወጀው በሒልበርት ስም ነበር። በ1933 ደግሞ አይሁድ ስለሆነች ናዚዎች ከሥራዋ አባረሯት። ወደ አሜሪካ ተሰዳ ብሪን ማር በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ስታስተምር ቆይታ በ1935 አረፈች።

ማዛመጃው

እስካሁን ያልነው መነሻውን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ፣ በእኩል መጠን ሲቀይር ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ከበድ እናድርገው። እያንዳንዱ ቤት ሰዓቱን እንደፈለገው ቢሞላስ? የእኛ ቤት ሦስት ሲል የጎረቤት ሰባት ቢል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ አሥራ አንድ ቢል? መኖር ይቻላል? ይቻላል! ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል። በየሁለቱ ቤት መካከል «ከዚህ ወደዚያ ስትሄድ አራት ጨምር፣ ስትመለስ አራት ቀንስ» የሚል ደንብ ሊኖር ይገባል። አንዱ ቤት ሰዓቱን ቢቀይር ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ደንብም አብሮ ይቀይራል። እንዲህ ከተደረገ ማንም ቀጠሮ አያመልጠውም።

ይኼን ደንብ ማዛመጃ እንበለው፤ የሒሳብ ሰዎች ኮኔክሽን ይሉታል። የጌጅ ቲዎሪ ትልቁ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ ቦታ የመለኪያ ነፃነት ከሰጠች፣ ማዛመጃውን አብራ መስጠት ግድ ይሆንባታል። ያ ማዛመጃ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እኛ ኤሌክትሪክና ማግኔት የምንለው ኃይል፣ ብርሃንም ጭምር፣ እሱ ራሱ ነው።

ይኼን ሐሳብ መጀመሪያ የወጠነው ሄርማን ቫይል ነው፤ እሱም በ1918። ቃሉን ያመጣውም እሱ ነው። ጌጅ የሚለውን ጎማ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎሚስታው የጎማ አየር የሚለካበት መሣሪያ ነው። የባቡር ሐዲድ ስፋትም ጌጅ ይባላል፤ የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፣ አዲሱ 1435 ሚሊሜትር ነው። መለኪያ፣ ልክ ማለት ነው። ቫይል ያሰበው የርዝመት መለኪያ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል ብሎ ነበር። አንስታይን ሐሳቡን ቢያደንቀውም ወዲያው ተቃወመው። እንዲህ ከሆነ፣ አለ፣ ሁለት አተሞች በተለያየ መንገድ ዞረው ቢገናኙ የሚሰጡት ብርሃን ቀለም ሊለያይ ነው፤ የአተም ቀለም ግን የትም ዞሮ ቢመጣ ያው ነው። ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ ቫይል ተረታ።

ግን ሐሳቡ አልሞተም። የኳንተም ፊዚክስ ሲመጣ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ እንደሚሄድ ታወቀ። ሞገዱ ደግሞ በየቦታው እንደ ሰዓት ጠቋሚ የሚዞር ነገር ይዟል፤ ፌዝ ይሉታል (የኛ «ፌዝ» አይደለም፣ ቁም ነገር ነው)። ቫይል በ1929 ሐሳቡን እንደገና አነሣው፦ ከቦታ ቦታ በነፃ የሚመረጠው ርዝመት ሳይሆን የዚህ ጠቋሚ መነሻ ነው አለ። ይኼኛው ገጠመ። የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግም ከዚሁ ሊወጣ ቻለ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሐሳብ ቦታውን ሲያገኝ እንዲህ ነው። ተማሪዎቻችን ይኼን ልብ ይበሉልን። ቫይልም ባለቤቱ የአይሁድ ዘር ስለነበረች በ1933 ከጀርመን ወጥቶ አሜሪካ ገባ፤ በኖተር መታሰቢያ ላይ ንግግር ካደረጉት አንዱ እሱ ነው።

ኳስና ክብሪት

አሁን ወደ ጂኦሜትሪው እንምጣ። አንድ ኳስ፣ አንድ የክብሪት እንጨትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። በኳሱ መሐል ዙሪያውን የምድር ወገብን አስምሩ፤ ከላይ ሰሜን ዋልታን ምልክት አድርጉ። በወገቡ ላይ አንድ ነጥብ አድርጋችሁ «ናንዩኪ» በሉት፤ የምድር ወገብ የሚያልፍበት የኬንያ ከተማ ነው።

ክብሪቱን ናንዩኪ ላይ ጋደም አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ወደ ሰሜን አዙሩት። አሁን በጣታችሁ ይዛችሁ፣ ፈጽሞ ሳታዞሩት፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ግፉት። ከዋልታው ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛችሁ ውረዱ፤ ከመጣችሁበት ሩብ ዙር ወደ ምሥራቅ የራቀውን ማለት ነው። በመሬት ላይ ቢሆን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ያወርዳችኋል። ስትወርዱ ክብሪቱን አታዙሩት፤ ወደ ጎን እንደተጋደመ ይውረድ። ከዚያ በወገቡ መስመር ወደ ናንዩኪ ተመለሱ።

ምን ሆነ? ሲነሣ ወደ ሰሜን ያይ የነበረው ክብሪት ሲመለስ ወደ ምሥራቅ ያያል። አንድም ጊዜ አላዞርነውም፤ ግን 90 ዲግሪ ዞሯል። በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ብትሞክሩት እንዲህ አይሆንም፤ እንደሄደ ይመለሳል። ያዞረው እጃችን ሳይሆን የኳሱ ጉብጠት ነው። ደግሞም የተጓዝንበት ጎነ ሦስት ሦስቱም ማዕዘኖቹ 90፣ 90፣ 90 ናቸው፤ ድምሩ 270። በጠረጴዛ ላይ ያለ ጎነ ሦስት 180 ነው። ልዩነቱ 90፣ ልክ ክብሪቱ የዞረውን ያህል! ጎነ ሦስቱን ብታሳንሱት መዞሩም ያንሳል።

ጉንዳን ከኳሱ ላይ ሳትወርድ፣ ኳሱን ከሩቅ ሳታይ፣ ዞራ በመመለስ ብቻ መሬቷ ጎባጣ መሆኑን ልታውቅ ትችላለች ማለት ነው። በጌጅ ቲዎሪም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሮኑን ጠቋሚ በማዛመጃው እየተመራን ትንሽ ክብ አዙረን ወደ ተነሣበት ብንመልሰውና ካልገጠመ፣ እዚያ ቦታ ላይ መስክ አለ፣ ኃይል አለ። የማግኔት ኃይል በዚህ ቋንቋ ጉብጠት ነው። አንድ ቤት ሰዓቱን ቢቀይር ይኼ ቀሪ አይነካም፤ ምክንያቱም ሲሄድ የጨመረውን ሲመለስ ይቀንሰዋል። መነሻው የምርጫ ጉዳይ ነው። ዞሮ ሲመጣ የሚቀረው ግን የማንም ምርጫ አይደለም።

ፍየልና ችካል

አንዳንዴ ደግሞ ከዚህም የሚገርም አለ። በመንገዱ ላይ የትም ቦታ ጉብጠት ሳይኖር ዞሮ የሚመጣው ሒሳብ አይገጥምም። ይኼ የቶፖሎጂ ነገር ነው። ቶፖሎጂ ሲለጠጥም ሲጣመምም የማይለወጠውን የሚያጠና የሒሳብ ክፍል ነው።

በችካል የታሰረች ፍየልን አስቡ። ሦስት ጊዜ ዞራ ከሆነ ገመዱ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ቀስ ብላ ትዙር፣ ሮጣ ትዙር፣ ቁጥቋጦ እየቀነጠበች ጠመዝማዛ ትሂድ፣ ሦስት ያው ሦስት ነው። ሁለት ከግማሽ ሆኖ ለመመለስ አትችልም፤ ወደ ነበረችበት ከተመለሰች ቁጥሩ ሙሉ ነው። ጥምጥሙን ለመፍታት ወደ ኋላ መዞር ወይም ችካሉን መንቀል ብቻ ነው ያለው።

የማጄላን መርከበኞችም ይኼው ገጥሟቸዋል። በ1519 በአምስት መርከብ ከስፔን ተነሥተው ወደ ምዕራብ ብቻ እየሄዱ ምድርን ዞሩ። ማጄላን ራሱ በ1521 በፊሊፒንስ ተገደለ። በ1522 ቪክቶሪያ የምትባለው አንዷ መርከብ ኬፕ ቨርዴ ደሴት ስትደርስ፣ መርከበኞቹ ቀኑ ረቡዕ ነው ይላሉ፣ የደሴቱ ሰዎች ሐሙስ ነው ይሏቸዋል። ፒጋፌታ የሚባለው ጸሐፊያቸው ማስታወሻውን በየቀኑ ሳያጓድል ስለያዘ በጣም ተገረመ። ቀኑ የት ጠፋ? የትም አልጠፋም! ስህተት የተሠራበት አንድም ቀን የለም። ምድርን አንድ ጊዜ በመዞራቸው ብቻ አንድ ቀን ጎደለ። ሁለት ጊዜ ቢዞሩ ሁለት ይጎድል ነበር። ቢፈጥኑም ቢዘገዩም፣ በየወደቡ ቢንከራተቱም ለውጥ የለውም። ዛሬ ይኼን ለማስተካከል በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የቀን መለወጫ መስመር ተሰምሯል። መስመሩን ወዲያ ወዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን አይቻልም።

ኤሌክትሮንም እንዲህ ያደርጋል ብለው በ1959 የጻፉት በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ያኪር አሃሮኖቭና ዴቪድ ቦም ናቸው። ቀደም ብለው በ1949 ኤረንበርግና ሲዴይ የሚባሉ ሰዎችም ነገሩን ጠቁመው ነበር፤ ያስተዋላቸው ግን አልነበረም። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቀጭን የሽቦ ጥቅልል ውስጥ የማግኔት መስክ ተዘግቶበታል፤ ወደ ውጭ አይወጣም። የኤሌክትሮን ጨረር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጥቅልሉ ቀኝ፣ ግማሹ በግራ አልፎ ከወዲያ ይገናኛል። ሲገናኙ ስክሪን ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይሠራሉ። ኤሌክትሮኖቹ በሄዱበት ሁሉ የማግኔት መስክ የለም፣ ምንም ኃይል አይነካቸውም። ይሁን እንጂ ጥቅልሉ ውስጥ ያለው መስክ ሲቀየር መስመሮቹ ቦታ ይለውጣሉ!

ችካሉን ያልነካችው ፍየል ናት ነገሩ። በሁለቱ መንገዶች መሐል ሊሻገሩት የማይችሉት ቀዳዳ አለ፤ ማዛመጃው ያን ቀዳዳ ሲዞር የሚተወው ቀሪ አለ። በ1960 ቻምበርስ የሚባል ተመራማሪ እዚያው ብሪስቶል ሞክሮ አየው። ተጠራጣሪዎች ግን «ትንሽ መስክ ወደ ውጭ አፈትልኮ ይሆናል» አሉ። በ1986 አኪራ ቶኖሙራና ጓደኞቹ በጃፓን በማይክሮስኮፕ ብቻ የምትታይ የማግኔት ቀለበት ሠርተው፣ መስክ በማያሳልፍ እጅግ በቀዘቀዘ ብረት ሸፍነው ሞከሩ። መስመሮቹ አሁንም ተዛወሩ። ክርክሩ በአብዛኛው በዚያ ተዘጋ። ዴቪድ ቦምም አሜሪካዊ ሲሆን፣ በማካርቲ ዘመን ጓደኞቹን አልመሰክርባቸውም በማለቱ ሥራውን አጥቶ በ1951 ወደ ብራዚል ሄደ። እዚያም ፓስፖርቱን ተቀማ። በእስራኤል አድርጎ ነው እንግሊዝ የደረሰው።

ቅደም ተከተል ሲለወጥ

እስካሁን ያየነው አንድ ጠቋሚ ብቻ ያለውን ነው። በ1954 ያንግና ሚልስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነገሩን አሰፉት። መለኪያው አንድ ጠቋሚ ሳይሆን በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነገር ቢሆንስ አሉ። ልዩነቱን ለማየት ደብተር አንሡ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ገልብጡት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አሁን ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ገልብጡት። መጨረሻቸው አንድ አይደለም። ለሰዓት ጠቋሚ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም፤ ለደብተር ያመጣል። ይኼ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ትልቅ ነገር ታመጣለች፦ ብርሃን ከብርሃን ጋር አይሳሳብም፤ የያንግና ሚልስ መስኮች ግን እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ያንግ ሐሳቡን ፕሪንስተን ላይ ሲያቀርብ ታዋቂው ፓውሊ ደጋግሞ «የዚህ መስክ ክብደት ስንት ነው?» አለው። ያንግ መልስ አልነበረውም፤ ንግግሩን አቋርጦ ተቀመጠ። ኦፐንሃይመር ነው ቀጥል ያለው። መልሱ ቀስ በቀስ ተገኘ። በ1964 ሂግስና ሌሎች ክብደት ከየት ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። በ1983 በሰርን ላብራቶሪ ደብልዩና ዜድ የሚባሉት ከባድ መልእክተኞች ተገኙ። በ2012 ደግሞ የሂግስ ቦዞን ተገኘ። ዛሬ እንደሚታወቀው ለኤሌክትሪክ 1 መልእክተኛ፣ ለደካማው የኒውክለር ኃይል 3፣ ለብርቱው 8 አሉት። ከስበት በስተቀር የምናውቃቸው ኃይሎች ሁሉ በዚህ አንድ ሐሳብ ሥር ገቡ።

ያንግ ራሱ የጦርነት ተፈናቃይ ተማሪ ነበር። ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ የቤይጂንግና የቲያንጂን ዩኒቨርሲቲዎች ከነመምህሮቻቸው ተሰደው ኩንሚንግ በምትባል ሩቅ ከተማ ተሰባሰቡ፤ የተማረው እዚያ ነው። ከመምህራኑ አንዱ የጂኦሜትሪ ሊቁ ቸርን ነበር። የሚገርመው፣ በ1975 ያንግ ከዉ ጋር ሆኖ የፊዚክስ ሰዎችን ቃላት በአንድ ወገን፣ የጂኦሜትሪ ሰዎችን ቃላት በሌላ ወገን ደርድሮ ሲያስተያይ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ያንኑ ነገር ሲያጠኑ ኖረዋል ለካ! የድሮ መምህሩ የለፋበት ጂኦሜትሪ እሱ ሲፈልገው የነበረው ነው።

ሥራው ግን አላለቀም። በ2000 የክሌይ የሒሳብ ተቋም ለሰባት ጥያቄዎች ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ። አንዱ የያንግና ሚልስ መስክ ክብደት ጉዳይ ነው። የፓውሊ ጥያቄ በሒሳብ ማረጋገጫ እስካሁን አልተመለሰም። ከተማሪዎቻችን መካከል የቸኮለ ካለ ቦታው ክፍት ነው።

ወደ እናቲቱ ስንመለስ

እናቲቱን አረፍ አድርገን ደብዳቤ ጻፍንላቸው። በደብዳቤው ላይ «የእኛ አቆጣጠር ነው ትክክሉ» አላልንም። እንዲያ ብንል ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው «የእኛም ትክክል ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገሩም እዚያው ይቆማል። እኛ የጻፍነው ዙሪያውን ነው። ከእህቲቱ ተነሥተን በእናታቸው ቃል ወደ ወንድሟ ስንሄድ አራት ዓመት ከሁለት ወር ታናሽ ነው። ከእሱ ተነሥተን በመዝገቡ ወደ እሷ ስንመለስ አራት ዓመት ከአንድ ወር ታላቋ ሆኗል። ዞረን ስንመጣ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ይቀራል። ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር አድርጉት፣ ሁሉንም በፈረንጅ አድርጉት፣ ይኼ ቀሪ አይጠፋም። የሚጠፋው ከመንገዱ አንዱ ሲታረም ብቻ ነው። ከአገር ቤት የመጣውን የክትባት ካርድ ኮፒም አያይዘናል። ይኼን እስከጻፍንበት ቀን መልስ አልመጣም። ልጁ በየጠዋቱ ክፍል ገብቶ የፊተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ የየቤታችሁን ወረቀት አውጥታችሁ የልጆቻችሁን ዕድሜ ልዩነት እንድትቆጥሩ እንለምናችኋለን። ማን ከማን በስንት ይበልጣል? ከወረቀቱ ጋር ዞሮ ይገጥማል? ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ዓመት ደምሩ። ማዛመጃው ራሱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አያችሁ? አመት ስትናገሩ ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ፤ ልጅ ለሚያስመዘግብ ጎረቤትም ንገሩ። ያልገጠመለት ካለ ከትምህርት በኋላ ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ያገኘናል፤ ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን።

የቤት ሥራ ለተማሪዎች፦ የማጄላን መርከበኞች ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ዞረው ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይጎድልባቸው ነበር ወይስ ይተርፋቸው? ከነምክንያቱ ጽፋችሁ አምጡ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።